በባሕረ ሰላጤው አገሮች የቪዛና የመኖሪያ ፈቃድ ደንቦች መለዋወጥ በውጭ ዜጎች ላይ የሚያስከትለው ውጤት

አንድ ሰው ከአገሩ ወጥቶ በሌላ አገር ሲሠራ ወይም ሲኖር ሕጋዊነቱ የሚረጋገጠው በእጁ ባለው የመግቢያና የመኖሪያ ፈቃድ ነው። ፈቃዱን የሚሰጠው አገር ደንቡን የመለወጥ ሥልጣን ያለው በመሆኑ፣ ትናንት ሕጋዊ ነዋሪ የነበረ ሰው ሥራውንም ሆነ መኖሪያውን ሳይቀይር ነገ ሕገ ወጥ ሊባል ይችላል። ይህ ሁኔታ ጎልቶ ከታየባቸው አካባቢዎች አንዱ በሚሊዮን የሚቆጠሩ የእስያና የአፍሪካ ዜጎች፣ ከእነዚህም መካከል በርካታ ኢትዮጵያውያን የሚሠሩባቸው የባሕረ ሰላጤው የዓረብ አገሮች ናቸው።

በእነዚህ አገሮች የውጭ ሠራተኞች ጉዳይ ለረጅም ዓመታት ሲመራ የቆየው «ከፋላ» በመባል በሚታወቀው የዋስትና ሥርዓት ነው። በሥርዓቱ መሠረት ሠራተኛው ወደ አገሪቱ የሚገባው አንድ አሠሪ ኃላፊነቱን ሲወስድለት ነው። ከገባ በኋላም ቪዛው በተወሰነ ጊዜ ውስጥ «ኢቃማ» ወደሚባለው የመኖሪያ ፈቃድ ይለወጣል። ኢቃማውን የሚያወጣውና የሚያሳድሰው አሠሪው በመሆኑ፣ ሳያሳድሰው ቢቀር መዘዙ የሚያርፈው በሠራተኛው ላይ ነው። ሥራ ለመቀየር የአሠሪው ስምምነት የሚጠየቅ ሲሆን፣ እንደ ሳዑዲ ዓረቢያና ኳታር ባሉ አገሮች ደግሞ ከአገር ለመውጣትም ጭምር የአሠሪው ፈቃድ ያስፈልግ ነበር።

ፈቃድ ከአሠሪ ጋር ሲቆራኝ የሚፈጠረውን ችግር በአንድ ምሳሌ መመልከት ይቻላል። በሳዑዲ ዓረቢያ አሠሪው ሠራተኛው ከሥራ ገበታው መጥፋቱን ሲያመለክት «ሁሩብ» የሚባል ምዝገባ ይደረጋል። ደመወዟ ስላልተከፈላት ከአሠሪዋ ቤት የወጣች የቤት ሠራተኛ ኢቃማዋ ገና ጊዜው ያላለፈበት ቢሆንም፣ ይህ ምዝገባ ከተደረገ በኋላ እንደ ሕገ ወጥ ልትቆጠር ትችላለች። ፓስፖርቷ በአሠሪው እጅ የቀረ ከሆነ ደግሞ ወደ አገሯ ለመመለስ እንኳ ከኤምባሲዋ ሊሴ ፓሴ ማውጣት ይኖርባታል። ሠራተኞች የጉዞና የመታወቂያ ሰነዶቻቸውን በራሳቸው እጅ የመያዝ መብት እንዳላቸው እ.ኤ.አ በ2011 የጸደቀው የዓለም ሥራ ድርጅት የቤት ሠራተኞች ስምምነት ቁጥር 189 ደንግጓል።

የደንብ ለውጥ ምን ያህል ሰው ሊነካ እንደሚችል ያሳየው የሳዑዲ ዓረቢያ እርምጃ ነው። አገሪቱ እ.ኤ.አ በ2011 «ኒጣቃት» የተባለውን መርሐ ግብር በማውጣት የግል ድርጅቶችን በቀጠሯቸው የሳዑዲ ዜጎች መጠን በቀለም መደበች። በዝቅተኛው የቀይ ምድብ ውስጥ የወደቀ ድርጅት የውጭ ሠራተኞቹን የሥራ ፈቃድ ማሳደስ የማይችል በመሆኑ፣ ድርጅቱ ደረጃውን ባለማሟላቱ ሠራተኛው ፈቃዱን የሚያጣበት ሁኔታ ተፈጠረ። እ.ኤ.አ በ2013 ደግሞ የሥራ ሕጉ አንቀጽ 39 ተሻሽሎ፣ የውጭ ሠራተኛ ስሙ ከተመዘገበበት አሠሪ ውጭ ለሌላ መሥራት ወይም በግሉ መተዳደር በጥብቅ ተከለከለ።

ይህ ማሻሻያ በተለይ የጎዳው በተለምዶ «ነጻ ቪዛ» በሚባለው መንገድ የገቡትን ነው። እነዚህ ሰዎች ለአንድ ስፖንሰር ገንዘብ እየከፈሉ በስሙ ተመዝግበው ሥራቸውን ግን በሌላ ቦታ ያከናውኑ ነበር። ሰነዳቸው በቅርጹ የተሟላ ቢመስልም አሠራሩ ሕጋዊ መሠረት ስላልነበረው፣ ቁጥጥሩ ሲጠብቅ መከላከያ ሊሆናቸው አልቻለም።

የሳዑዲ መንግሥት የውጭ ዜጎች ሰነዳቸውን እንዲያስተካክሉ ወይም ከአገር እንዲወጡ እ.ኤ.አ በኤፕሪል 2013 የሦስት ወራት የምሕረት ጊዜ ሰጥቶ፣ በኋላም እስከ ኖቬምበር 3 ቀን አራዘመው። ጊዜው እንዳለቀ በተካሄደው ሰፊ አፈሳ በቀጣዮቹ ጥቂት ወራት ብቻ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ወደ አገራቸው ተመልሰዋል። ከተመላሾቹ ብዙዎቹ ያፈሩትን ንብረት ሳይሸጡና ያልተከፈላቸውን ደመወዝ ሳይቀበሉ የመጡ ነበሩ። የኢትዮጵያ መንግሥትም በጥቅምት ወር 2006 ዓ.ም ለሥራ ወደ መካከለኛው ምሥራቅ የሚደረገውን ጉዞ አግዶ፣ እገዳው እስከ 2010 ዓ.ም ቆይቷል።

ከዚያ ወዲህም የምሕረት ጊዜ ማወጅ የአካባቢው አገሮች የተለመደ አሠራር ሆኖ ቀጥሏል። ሳዑዲ ዓረቢያ እ.ኤ.አ በማርች 2017 ለ90 ቀናት ባወጀችው ምሕረት በፈቃዳቸው የሚወጡ ሰዎች ከቅጣት ገንዘብና በጣት አሻራ ከሚመዘገበው ዳግም የመግባት እገዳ ነጻ እንዲሆኑ አድርጋለች። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶችም እ.ኤ.አ ከሴፕቴምበር 1 ቀን 2024 ጀምሮ ለሁለት ወራት የሰጠችውን ምሕረት እስከ ዓመቱ መጨረሻ አራዝማለች። ከምሕረት ጊዜ በኋላ የተያዘ ሰው ግን እስራት፣ መቀጮና ወደ አገሩ መባረር ስለሚጠብቀው፣ ቀኑን በወቅቱ ማወቅ ወሳኝ ነው።

በሌላ በኩል ሥርዓቱን ያላሉ ለውጦችም ተደርገዋል። ኳታር እ.ኤ.አ በ2018 ባወጣችው ሕግ ቁጥር 13 ለአብዛኞቹ የግል ዘርፍ ሠራተኞች የመውጫ ፈቃድን ያስቀረች ሲሆን፣ እ.ኤ.አ በጃንዋሪ 2020 ይህንኑ ለቤት ሠራተኞችም አድርሳለች። ይሁንና የቤት ሠራተኞች ከመውጣታቸው 72 ሰዓት በፊት ለአሠሪያቸው እንዲያሳውቁ ይጠበቃል። በዚያው ዓመት ሥራ ለመቀየር ይጠየቅ የነበረው የአሠሪ «ተቃውሞ የለኝም» ደብዳቤ ቀርቶ፣ ሠራተኛው ሁለት ዓመት ወይም ከዚያ በታች ካገለገለ የአንድ ወር፣ ከዚያ በላይ ካገለገለ ደግሞ የሁለት ወራት ቅድመ ማስጠንቀቂያ በመስጠት ሥራ እንዲቀይር ተፈቅዷል።

ሳዑዲ ዓረቢያም እ.ኤ.አ ከማርች 14 ቀን 2021 ጀምሮ በግል ዘርፍ የተቀጠሩ የውጭ ሠራተኞች ያለ አሠሪያቸው ፈቃድ የመውጫና የመመለሻ ቪዛ እንዲያወጡ፣ በተወሰኑ ሁኔታዎችም አሠሪ እንዲቀይሩ የሚያስችል ማሻሻያ ተግባራዊ አድርጋለች። ሆኖም የቤት ሠራተኞች፣ የግል አሽከርካሪዎች፣ አትክልተኞች፣ ገበሬዎችና እረኞች በዚህ ማሻሻያ አልተካተቱም። ወደ አካባቢው የሚሄዱ አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያት የሚሰማሩት በቤት ውስጥ ሥራ በመሆኑ፣ «ከፋላ ቀርቷል» የሚለውን ወሬ ብቻ ሰምታ ከአሠሪዋ ቤት የወጣች ሠራተኛ ማሻሻያው ለእርሷ እንደማይሠራ የምትረዳው ከተያዘች በኋላ ሊሆን ይችላል።

ለውጡ ሁልጊዜ ወደ መላላት እንደማያመራም ከኩዌት መገንዘብ ይቻላል። አገሪቱ እ.ኤ.አ ከጁላይ 1 ቀን 2025 ጀምሮ በግል ዘርፍ የሚሠሩ የውጭ ዜጎች ከአገር ከመውጣታቸው በፊት በአሠሪያቸው የጸደቀ የመውጫ ፈቃድ እንዲይዙ የሚያስገድድ ደንብ ተግባራዊ አድርጋለች። በዚህም ሳቢያ ቀደም ሲል ትኬት ቆርጦ መጓዝ ይችል የነበረ ሠራተኛ ለቤተሰብ ሐዘንም ሆነ ለዓመት ዕረፍት ሲነሳ አስቀድሞ የአሠሪውን ይሁንታ ማግኘት አለበት።

በኢትዮጵያ በኩል በ2008 ዓ.ም የወጣው የውጭ አገር የሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 ሠራተኞች የሚሰማሩት የሁለትዮሽ የሥራ ስምምነት ወደተፈረመባቸው አገሮች እንዲሆን ደንግጓል። የመግቢያ ቪዛ፣ የደርሶ መልስ ትራንስፖርት፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ ክፍያዎችም በአሠሪው እንዲሸፈኑ አድርጓል። አዋጁ በ2013 ዓ.ም በአዋጅ ቁጥር 1246/2013 ተሻሽሏል። በሕጋዊ መንገድ የሄደ ሠራተኛ ውሉ በአገሩ መንግሥት ዘንድ የተመዘገበ በመሆኑ፣ ደንብ ሲለወጥ ጥያቄውን ይዞ የሚቀርብበት ቦታ አለው። በዑምራ ወይም በጉብኝት ቪዛ ገብቶ የቀረ ሰው ግን ቪዛው ለሥራ የማይፈቅድ ስለሆነ፣ ደሞዝ ቢከለከልም ሆነ ቢንገላታ አቤቱታ ለማቅረብ ሲሄድ አስቀድሞ የሚጠየቀው የራሱን ሰነድ ነው።

ከእነዚህ ተሞክሮዎች መረዳት እንደሚቻለው፣ በውጭ አገር የሚኖር ወይም የሚጓዝ ሰው በደንብ ለውጥ ወቅት ሦስት ነገሮችን ለይቶ ማወቅ ይኖርበታል። እነዚህም አዲሱ ደንብ እርሱ የያዘውን የቪዛ ዓይነትና የተሰማራበትን ሥራ የሚመለከት መሆኑ፣ ተግባራዊ የሚሆንበት ቀን እንዲሁም የተሰጠው የማስተካከያ ጊዜ የሚያበቃበት ዕለት ናቸው። የፓስፖርቱን፣ የኢቃማውንና የሥራ ውሉን ቅጂ በአገር ቤት ለሚያምነው ቤተሰብ አስቀድሞ መላክም ዋናው ሰነድ ከእጁ በሚወጣበት ጊዜ ኤምባሲው ማንነቱን በፍጥነት እንዲያረጋግጥ ይረዳል። ደንቡ የሚለወጠው በመንግሥታት ውሳኔ ቢሆንም፣ የውሳኔው ጊዜ ሳያልፍ መረጃውን ማግኘት በሕጋዊ መንገድ ሻንጣን ይዞ በመመለስና በእስር ቤት በኩል በመባረር መካከል ያለውን ልዩነት ሊወስን ይችላል።