ማብሪያው የማን ነው?

አምፖሉን ከአንድ ኩባንያ፣ የበር ቁልፉን ከሌላ፣ የሙቀት መቆጣጠሪያውን ከሦስተኛ ገዝቶ ሁሉንም በአንድ አፕ ላዝዛቸው የሚል ሰው ችግሩ የቋንቋ ይመስለዋል። አንዱ ዚግቢ ይናገራል፣ ሌላው ዚ-ዌቭ፣ ያኛው ዋይፋይ። በቃ፣ መሃል ላይ አስተርጓሚ ማስቀመጥ ነው! ሶፍትዌር ጸሐፊ ስለሆንኩ ይሄ መልስ ደስ ይለኛል። ታሪኩ ግን ሌላ ነው የሚለው።

ከመጀመሪያዎቹ የጋራ ቋንቋዎች አንዱ በጣም ቀላል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1975 ስኮትላንድ ውስጥ፣ ግሌንሮዝስ ከተማ የነበረው ፒኮ ኤሌክትሮኒክስ አሥረኛ ፕሮጀክቱን ሠራና ኤክስ-10 አለው። አዲስ ሽቦ አያስፈልገውም፤ ትዕዛዙ የሚሄደው ግድግዳ ውስጥ ባለው የመብራት መስመር ነው። ኤሌክትሪኩ አቅጣጫ ሲቀይር ዜሮን የሚያቋርጥበት ቅጽበት አለ፤ መስመሩ ለአፍታ ጸጥ ይላል። ኤክስ-10 እዚያች ጸጥታ ላይ በ120 ኪሎኸርዝ አጭር ምልክት ጣል ያደርጋል። (ይቺን ያሰበ ሰው ምሳ ይገባዋል።) አድራሻው ከ16 የቤት ፊደላትና ከ16 የዕቃ ቁጥሮች ይሠራል፤ በድምሩ 256። ጣጣ ግን ነበረው። መብራቱ አብዛኛውን ጊዜ «ሰምቻለሁ» ብሎ አይመልስም። ምልክቱም አጥር አያውቅም፤ ጎረቤታችሁ የእናንተኑ ፊደል ከመረጠ እሱ ሊተኛ ሲል የእናንተ ሳሎን ሊጨልም ይችላል። ሰርቨር የሚባል ነገር ግን የለም። ፒኮ ነገ ቢዘጋ ማብሪያው መሥራቱን ይቀጥላል።

ቤቱ ከኢንተርኔት ጋር ሲገናኝ ይሄ ተገለበጠ። የፊሊፕስ ሂዩ አምፖሎች የሚናገሩት ዚግቢን ነው፤ ብዙ ሌሎች አምፖሎችም እንዲሁ። በዲሴምበር 2015 ግን ፊሊፕስ የሶፍትዌር ማሻሻያ ላከና የሂዩ ማገናኛ የሌሎችን አምፖሎች አልቀበልም አለ። ቋንቋው ያው ነው፤ በሩን የዘጋው ባለቤቱ ነው። ተጠቃሚው ሲጮህ በቀናት ውስጥ መለሰው።

ከሁሉም የሚከነክነኝ የሪቮልቭ ነገር ነው። የኮሎራዶው ሪቮልቭ ያንኑ አስተርጓሚ ነበር የሠራው፤ የተለያዩ ኩባንያዎችን ዕቃዎች በአንድ አፕ የሚያዝ፣ 300 ዶላር ገደማ የሚሸጥ ሳጥን። በ2014 የጎግሉ ኔስት ኩባንያውን ገዛና ሽያጩን አቆመ። በሜይ 15፣ 2016 ሰርቨሩ ተዘጋ። ሳጥኑ አልተበላሸም፣ ሬዲዮዎቹ ደህና ናቸው፣ አምፖሉ ሁለት ሜትር ላይ ነው፤ ግን ትዕዛዙ ሩቅ ያለ ሰርቨር ደርሶ መመለስ ስላለበት ሁሉም ነገር ዕቃ ሆኖ ቀረ። ሰዉ ሲቆጣ ኔስት ገንዘብ መመለስ ጀመረ። እንደ መብራቱ ሁሉ ኔትወርኩም መጣ ሄደ በሚልበት ከተማ ለሚኖር ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልግም፤ የሳሎን መብራት ለመጥፋት ውቅያኖስ መሻገር የለበትም።

በዚህ የተማረሩት ቀድመው ሌላ መንገድ ጀምረው ነበር። ፓውሉስ ስካውትሰን በ2013 የጀመረው ሆም አሲስታንት ኮዱ ክፍት ነው፤ ቤት ውስጥ ባለ ትንሽ ኮምፒውተር ላይ ይሠራል። ትልልቆቹ የተሰባሰቡት በዲሴምበር 2019 ነው፤ አማዞን፣ አፕልና ጎግል ከዚግቢ አሊያንስ ጋር። ሥራው በ2021 ማተር ተባለ፤ የመጀመሪያው እትም በኦክቶበር 2022 ወጣ።

የማተር ትልቁ ነገር ለኔ ቋንቋው አይደለም። ትዕዛዙ በቤቱ ኔትወርክ ውስጥ እንዲያልቅ መደረጉ ነው፤ አንድ አምፖል ለአፕልም ለጎግልም ባንዴ መታዘዝ መቻሉም ጭምር። ያም ሆኖ ብዙ አምራቾች ልዩ ልዩ ተግባራቸውን አሁንም በራሳቸው አፕ ውስጥ ነው የሚያስቀሩት። መጥረጊያ ሮቦትም በመጀመሪያው እትም አልነበረም፤ እስከ 2023 ጠብቋል።