የትል ማዳበሪያ አጭር ታሪክ

በእንግሊዝ አገር ብዙ አትክልተኞች የምድር ትልን እንደ ተባይ ይቆጥሩት ነበር። ተመራማሪው ቻርልስ ዳርዊን ግን በ1837 እ.ኤ.አ. የጀመረውን ጥናት ከ44 ዓመታት በኋላ በ1881 በመጽሐፍ አሳትሞ፣ ትል ቅጠልና አፈር እየበላ መሬትን እንደሚያለማ አስረዳ። በ1982 ደግሞ አሜሪካዊቷ የሥነ ሕይወት መምህርት ሜሪ አፕልሆፍ የወጥ ቤት ትራፊን በሳጥን ውስጥ በቀይ ትል ወደ ማዳበሪያ መለወጥን የሚያስተምር መጽሐፍ አወጣች።

ዘዴው ቨርሚ ኮምፖስት ተብሎ ወደ አገራችንም ገብቷል። ሆኖም ትል የሚተነፍሰው በቆዳው ነው፤ ሲደርቅ ይሞታል፣ ውሃ ሲበዛበት ይታፈናል። ስለዚህ ሳጥኑ ጥላ ሥር ይቀመጥ፤ ከታች ይበሳ፤ እርጥበቱም ሲጨመቅ ጥቂት ጠብታ ብቻ የሚወጣው ይሁን። ሥጋ፣ ቅባትና ሎሚ አይጨመርበት።

የአባላትን የማዳበሪያ ወጪ የሚያቃልለው በሕይወት ያለ ትል ነው። በሪፖርታችንም የሚቆጠረው የተከፋፈለው ሳይሆን ከወራት በኋላ በሳጥኑ ውስጥ የተገኘው ይሁን።