ትኩሳት ለማን ይዋጋል?

ትኩሳት በሽታ ነው ወይስ ሰውነታችን በሽታን የሚዋጋበት መሣሪያ? ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ሐኪሞችን ግን ከመቶ ዓመት በላይ አከራክሯል። ክርክሩን ለእነሱ ትተን እንዳናልፍ የሚያደርገን ነገር አለ። ጉንፋን እንደያዘን ፓራሲታሞል ውጠን ኳስ ሜዳ ለምንገባ ወጣቶች፣ መልሱ የልብ ጉዳይ ነው። ልብ ስንል ደም የሚረጨውን ማለታችን ነው!

ታሪኩን ከቴርሞሜትር እንጀምር። ጀርመናዊው ሐኪም ካርል ቩንደርሊኽ እ.ኤ.አ. በ1868 ባሳተመው መጽሐፍ ከ25 ሺህ ገደማ ሕሙማን የተሰበሰበ የሙቀት ልኬት ይዞ ቀረበ። «የጤነኛ ሰው ሙቀት 37 ዲግሪ ነው» የምንለው ከእሱ ወርሰን ነው። ከቁጥሩ የሚበልጠው ቁም ነገር ግን ትኩሳት የበሽታ ምልክት እንጂ ራሱ በሽታ አለመሆኑን ማስተማሩ ነበር። ሠላሳ ዓመት እንዳለፈ፣ በ1899፣ አስፕሪን ገበያ ላይ ዋለ። ቁጥሩን የሚያሳይ መሣሪያ አለ፣ ቁጥሩን የሚያወርድ ክኒን መጣ፤ ከዚያ ወዲያ «ትኩሳቱ ለምን መጣ?» ብሎ የሚጠይቅ ማን ነው?

ጠያቂ ግን አልጠፋም። በቪየና ዩሊየስ ቫግነር-ያውሬግ በ1917፣ ያኔ የሚረባ መድኃኒት ያልነበረውን የአንጎል ቂጥኝ በትኩሳት ሊያክም ተነሳ። ሕሙማኑን ሆን ብሎ ወባ አስያዛቸው፤ ትኩሳቱ ሥራውን ሲጨርስ ወባውን በኪኒን አከመ። ሕክምናው የገደላቸውም ነበሩ። ያም ሆኖ በ1927 የኖቤል ሽልማት አገኘበት።

ቂጥኝ ባክቴሪያ ነው። ቫይረስስ? በ1948 ጊልበርት ዳልዶርፍና ግሬስ ሲክልስ በኒውዮርክ ግዛት፣ ኮክሳኪ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ የልጅነት ልምሻ ከመሰለ ሕመም ከተያዙ ልጆች አዲስ ቫይረስ አገኙ፤ በከተማዋም ስም ጠሩት። ከዚህ ቤተሰብ «ቢ» የሚባለው ምድብ የልብ ጡንቻን ከሚያስቆጡ ዋነኛ ቫይረሶች አንዱ መሆኑ በኋላ ታወቀ።

በ1950ዎቹ ዎከርና ቦሪንግ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ያደጉ አይጦችን በኮክሳኪ ቫይረስ በክለው በተለያየ ሙቀት አስቀመጧቸው። በተለመደው የክፍል ሙቀት ያሉት አይጦች በሽታውን ተቋቋሙት። በ4 ዲግሪ ብርድ ያሉት አለቁ። በ36 ዲግሪ ባሉት ውስጥ ደግሞ ቫይረሱ እንደልቡ መራባት አቃተው። በፓሪሱ ፓስተር ኢንስቲትዩት አንድሬ ልዎፍም የልጅነት ልምሻ ቫይረስ ሙቀት ሲጨምር እርባታው እንደሚደክም አይቶ ነበርና፣ ትኩሳት የሰውነት ዘብ ነው ብሎ አጥብቆ ተከራከረ።

ታዲያ ሙቀት መልካም ከሆነ ሮጠን፣ አልቦን በሽታውን ብናወጣውስ? እዚህ ላይ ቆም እንበል። በ1970 ሌላ የአሜሪካ ቡድን በኮክሳኪ ቫይረስ የተያዙ አይጦችን በሞቀ ውኃ ውስጥ በግድ አዋኘ። ቫይረሱ በልባቸው ውስጥ ከእረፍተኞቹ እጅግ በልጦ ተራባ፤ ብዙዎቹም ሞቱ። ውኃው ሞቃት መሆኑ አላዳናቸውም። ሰውነት አስልቶ የሚያነሳው ትኩሳትና በድካም የሚመጣ ሙቀት አንድ አይደሉም። ትኩሳት ራሱም በነጻ አይገኝም፤ ሙቀቱ በአንድ ዲግሪ ሲጨምር የልብ ምት በደቂቃ በአሥር ገደማ ይጨምራል። በዚያ ላይ ሩጫ ሲታከል የታመመ ልብ ስንቱን ይሸከም?

«ይሄ የአይጥ ወሬ ነው» የሚል ካለ ስዊድንን ይመልከት። ካርታና ኮምፓስ ይዘው ጫካ ለጫካ ከሚሮጡ የኦሪየንቲሪንግ ስፖርተኞች መካከል ከ1979 እስከ 1992 ድረስ 16 ወጣቶች በድንገት ልባቸው ቆሞ ሞቱ። አስከሬናቸው ሲመረመር በብዙዎቹ ላይ የልብ ጡንቻ መቆጣት ተገኘ። መንስኤው ቫይረስ ይሁን ባክቴሪያ ብዙ አከራክሯል። ፌዴሬሽኑ ግን ክርክሩ እስኪያልቅ አልጠበቀም፤ ለግማሽ ዓመት ያህል ውድድር አቆመ፣ ሕመም የተሰማው ሁሉ እንዳይሮጥ መከረ። በቀጣዮቹ ሦስት ዓመታት ተመሳሳይ ሞት አልተመዘገበም።

ከዚህ ሁሉ የምንወስደው ክኒን እንጣል የሚል ትምህርት አይደለም። ሕመም ሲበረታ ማስታገስ ነውር የለውም፤ ዛሬም ቢሆን የልብ ጡንቻ መቆጣትን በሙቀት የሚያክም ሐኪም የለም። የሚታዘዘው እረፍት ነው፤ ለስፖርተኛ አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት እስከ ስድስት ወር። ክኒኑ የሚያወርደው ቁጥሩን እንጂ ቫይረሱን አይደለም። ከጉንፋን በኋላ ደረት ከወጋን፣ ትንፋሽ ካጠረን፣ ልባችን ያለ ምክንያት ከደለቀ ወይም ራሳችንን ከሳትን፣ ሳንውል ሳናድር ሐኪም ዘንድ እንሂድ። ትኩሳቱ በሄደ ማግስት ጫማ ማሰር ጉብዝና አይደለም። ዘቡ ወደ ቤቱ ስለገባ ብቻ ጦርነቱ አልቋል ማለት አይቻልምና።