ከሳሹ ብቻ የመሰከረበት ታሪክ

በአገራችን ታሪክ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው የነገሥታትን፣ የጦር ሜዳንና የአዋጅን ታሪክ ነው። አንድ ትውልድ የልጅነት ውሎውን ያሳለፈበት ጨዋታም ታሪክ መሆኑ ትዝ አይለንም። ዛሬ ላነሣው የወደድሁት የቪዲዮ ጨዋታ ኮንሶልን፣ ተጓዳኝ ዕቃዎቹንና ስለ እነርሱ የታተሙትን መጽሔቶች ነው። ጉዳዩ ቀላል ቢመስልም ከጀርባው ከባድ ጥያቄ አለ፤ የትውልድን ውሎ መዝግቦ የሚያቆየው ማን ነው?

ኒንተንዶ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ፋሚኮም የተሰኘውን ኮንሶል እ.ኤ.አ. በ1983 ለገበያ አቀረበ። በዚያው ዓመት የአሜሪካ የቪዲዮ ጨዋታ ገበያ ክፉኛ በመውደቁ ነጋዴዎች ኮንሶል መሸጥ ፈርተው ነበር። ስለዚህ ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1985 ወደ አሜሪካ ሲገባ ዕቃው ተራ የልጆች መጫወቻ እንዲመስል ትንሽ ሮቦትና ከቴሌቪዥኑ የሚወጣውን ብርሃን የሚለይ ሽጉጥ አስከተለ። እ.ኤ.አ. ከ1988 እስከ 2012 ደግሞ ኒንተንዶ ፓወር የተባለው መጽሔት ታተመ። እርግጥ ነው፣ መጽሔቱ በኩባንያው የተመሠረተ በመሆኑ ማስታወቂያነቱ ያመዝን ነበር። ቢሆንም የአንባብያን ደብዳቤ፣ የጨዋታ ካርታና የተጫዋቾች ውጤት በገጾቹ ላይ ሰፍሮ ቀርቷል። ለታሪክ ጸሐፊ ይህ ትልቅ ሀብት ነው።

ወደ እኛ እንመለስ። ሶኒ እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጣው ፕሌይስቴሽን 2 የተሠራው ለአንድ ቤተሰብ ሳሎን ነበር። በአዲስ አበባና በክፍለ ሀገር ከተሞች ግን የሰፈር ሁሉ ሆነ። በፕሌይስቴሽን ቤት ሒሳቡ በጨዋታ ይቆጠራል፤ ጆይስቲኩ በቀን ስንት እጅ ይፈራረቅበታል፤ ስለዚህም ጥገናው ራሱን የቻለ ሙያ ሆነ። ስምንት ሜጋባይት የምትይዘው ሜሞሪ ካርድ የተሠራችው የተጫዋቹን ውጤት ለማስቀመጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 ፍሪ ኤምሲቡት የተሰኘው ፕሮግራም ሲወጣ ግን ያለ ዲስክ ጨዋታ ለማስነሣት በር ከፈተች።

ይህን ሁሉ ማን ጻፈው? በ1985 ዓ.ም. የፕሬስ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 34 ከወጣ በኋላ የስፖርት ጋዜጦቻችን የእንግሊዝን ሊግ ተንትነው አይጠግቡም ነበር። ያንኑ ኳስ በጆይስቲክ የሚጫወተው የሰፈር ልጅ ግን ዓምድ አላገኘም። ስሙ በጽሑፍ የሚነሣው በአብዛኛው በትምህርት ቤት ዙሪያ ያሉ «አዋኪ» ቤቶች ሲታሸጉ፣ ከጫት ቤትና ከሺሻ ቤት ጋር ተደርቦ ነው። ክሱ ሁሉ ሐሰት ነው አልልም፤ ከትምህርት መቅረትም ቁማርም እውነተኛ የወላጅ ሥጋት ናቸው። ነገር ግን ከሳሹ ብቻ የመሰከረበት መዝገብ ታሪክ ሊባል አይችልም።

ጨዋታን መመዝገብ የምሁር ሥራ አይደለም የሚል ቢኖር፣ ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 በኢትዮጵያ ኦብዘርቨር ስለ ገበጣ ያሳተሙትን ጥናት ይመልከት። የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ሰው ደግሞ ከዚህ የቀረበ ትምህርት አለው። የጋይንቷ ቤተልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ናት። እንደ ሊቃውንቱ ትውፊት በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የዜማ ምልክት ባይሠሩ ኖሮ፣ ስንቱ ዜማ ከመምህሩ ጋር በተቀበረ ነበር! ቅዱሱን ከጨዋታው ጋር ማስተካከሌ አይደለም፤ ያልተጻፈ ነገር እንደሚጠፋ ለማስታወስ ነው።

ሶኒ የፕሌይስቴሽን 2ን ምርት ካቆመ ከዐሥር ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ዕቃዎቹም በየጓዳው እየተጣሉ ነው። እንግዲህ የነፋስ መውጫ፣ የወገዳና የመካነ ኢየሱስ ወጣቶች ሆይ፣ የመጀመሪያው ኮንሶል በማን እጅ እንደ መጣ፣ አንድ ጨዋታ ስንት ብር እንደ ነበረ፣ የተሰበረውን ጆይስቲክ ማን ይጠግን እንደ ነበር ጠይቃችሁ ጻፉ። እናንተ ካልጻፋችሁት የሚጽፍላችሁ ያሸገው ነው።

ልቡና ይስጠን።