«ጆሮዬ ይጮሃል»፦ ከክኒን ዘመን እስከ እንጦጦው ሆስፒታል የተማርነው



«ጆሮዬ ይጮሃል። መጀመሪያ አልፎ አልፎ ነበር፤ አሁን ግን እየባሰብኝ ሄደ፣ ሌሊት እንቅልፍ ከለከለኝ» የሚል ጥያቄ በተደጋጋሚ ይደርሰናል። አንዱ እንደ ጥንዚዛ ይላል፣ ሌላው እንደ ፉጨት፣ ሌላው ደግሞ ከሩቅ እንደሚሰማ ወፍጮ። በሕክምና ቋንቋ ቲኒተስ ይባላል። ከውጭ የሚመጣ ድምፅ ሳይኖር ጆሮ ወይም ጭንቅላት ውስጥ የሚሰማ ድምፅ ማለት ነው። ራሱን የቻለ በሽታ ሳይሆን የሌላ ነገር ምልክት ነው።

ዛሬ ምክሩን በታሪክ በኩል እናየዋለን። ታሪኩ የሩቅ አገር ብቻ አይደለም። ሾላ ገበያ ቆማችሁ ወደ ሰሜን ቀና ብትሉ የእንጦጦ ተራራ ይታያችኋል። በዚያው ተራራ ላይ፣ ከሽሮ ሜዳ ከፍ ብሎ፣ ቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል አለ። የጆሮ ጩኸትን ቶሎ መስማት ለምን እንደሚያስፈልግ በደንብ ከሚያስተምሩን ቦታዎች አንዱ ይህ ሆስፒታል ነው። (በጽሑፉ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሰው እያማኝ ነው?

የጆሮ ጩኸት አዲስ ነገር አይደለም። የጥንት የባቢሎንና የአሦር ሐኪሞች ጆሮ «ሲዘፍን» ወይም «ሲያንሾካሹክ» ምን እንደሚደረግ በሸክላ ጽላት ላይ ጽፈው ትተዋል። መድኃኒት ጆሮ ውስጥ ከመጨመር ጋር ድግምትም ይደግሙ ነበር። ሮማዊው ጸሐፊ ፕሊኒ ደግሞ ከ1900 ዓመታት በፊት፣ ጆሮው የጮኸበት ሰው በሌለበት እየታማ ነው ተብሎ በሕዝቡ ዘንድ ይታመን እንደነበር ጽፏል። በእኛም ሰፈር «ጆሮዬ ጭው አለ፣ ማን ይሆን የሚያማኝ?» የሚል አይጠፋም።

ቀልድ ቢመስልም ጉዳት አለው። ጩኸቱን ከታማሚው በቀር ማንም አይሰማውም። ስለዚህ ቤተሰብ «ዝም ብለህ ነው»፣ «ጭንቀት ነው»፣ «ያልፋል» ይላል። ታማሚውም አፍሮ ዝም ይላል። ችግሩ የሚብሰው ብዙ ጊዜ በዚህ የዝምታ ወቅት ነው።

ክኒን እና የሚያልፈው ጩኸት

በ1820 ፔሌቲየ እና ካቫንቱ የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን የመድኃኒት ባለሙያዎች ከሲንኮና ዛፍ ቅርፊት ኩዊኒን የተባለውን የወባ መድኃኒት ለይተው አወጡ። እኛ ዛሬ የሚዋጥ መድኃኒትን ሁሉ «ክኒን» የምንለው ከዚሁ ስም የመጣ ነው።

ኩዊኒን በብዛት የወሰደ ሰው ጆሮው ይጮህበታል። የዚያ ዘመን ሐኪሞች ይህን ያውቁ ነበር። እንዲያውም ጩኸቱን መድኃኒቱ በሰውነት ውስጥ በቂ መጠን ለመድረሱ ምልክት አድርገው የሚቆጥሩት ነበሩ። አብዛኛውን ጊዜ መድኃኒቱ ሲቆም ጩኸቱም ይጠፋል። መጠኑ ከፍ ያለ አስፕሪንም ተመሳሳይ ነገር ያደርጋል።

እንግዲህ አንዱ ዓይነት ጩኸት ይህ ነው፤ ይመጣል፣ ይሄዳል። ቀጥሎ የመጣው መድኃኒት ግን እንደዚህ አልነበረም።

የማያልፈው ጩኸት

በ1943 አልበርት ሻትዝ የተባለ ወጣት ተመራማሪ በአሜሪካ፣ በሰልማን ዋክስማን ቤተ ሙከራ ውስጥ፣ በአፈር ከሚኖር ባክቴሪያ ስትሬፕቶማይሲንን አገኘ። ለሳንባ ነቀርሳ (ቲቢ) የመጀመሪያው ፍቱን አንቲባዮቲክ ነበር። ሞት የሚጠብቃቸው ሰዎች ተነሥተው ሄዱ።

ነገር ግን ብዙም ሳይቆይ መርፌውን የሚወስዱ ሕሙማን ያዞረናል፣ ሚዛናችንን እንስታለን፣ ጆሯችን ይጮሃል ማለት ጀመሩ። ይሻላል ተብሎ የቀረበው ዳይሃይድሮስትሬፕቶማይሲን ጆሮን ይበልጥ የሚጎዳ ሆኖ ተገኘ። አንዳንዶች መርፌው ካቆመ ከሳምንታትና ከወራት በኋላ መስማት አቃታቸው። በ1957 ጃፓናዊው ሃማዎ ኡመዛዋ ይፋ ያደረገው ካናማይሲንም የዚሁ ቤተሰብ ነው፤ ጄንታማይሲንና አሚካሲንም እንዲሁ።

እንዴት ይጎዳሉ? በውስጠኛው ጆሮ እንደ ቀንድ አውጣ የተጠቀለለ ኮክሊያ የሚባል ክፍል አለ። በውስጡ ድምፅን ወደ ነርቭ መልእክት የሚለውጡ ፀጉር መሰል ሴሎች ተደርድረዋል። እነዚህ መድኃኒቶች ሴሎቹን ይገድላሉ፤ የሞቱት አይተኩም። ጉዳቱ የሚጀምረው በጣም ቀጭን ድምፅን ከሚሰሙት ነው። ተራ ንግግር በዋናነት በእነዚህ ስለማይሰማ ሰውየው ገና ደህና የሚሰማ ይመስለዋል። የሚያውቀው ነገር ቢኖር አንድ ነው፦ ቀጭን ፉጨት። ጉዳቱ ወደ ንግግር ድምፆች ሲወርድ ግን «ምን አልክ?» ማለት ይጀምራል። መድኃኒቱ በውስጠኛው ጆሮ ለረዥም ጊዜ ስለሚቆይ መርፌው ካለቀ በኋላም ጉዳቱ ሊቀጥል ይችላል።

ስለዚህ ጩኸቱ ብዙ ጊዜ መስማት ከመቀነሱ በፊት የሚመጣ ማስጠንቀቂያ ነው።

እንጦጦ ላይ የነበረው ከባድ ምርጫ

ቅዱስ ጴጥሮስ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ለቲቢ ሕሙማን የተቋቋመ ሆስፒታል ነው። በ2009 መድኃኒት የተላመደ ቲቢን የማከም ፕሮግራም በኢትዮጵያ እዚሁ ተጀመረ፤ ቀጥሎም በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል።

በዚያን ጊዜ ሕክምናው ሁለት ዓመት ሊጠጋ ይችል ነበር። በመጀመሪያዎቹ ወራት እንደ ካናማይሲንና ካፕሪዮማይሲን ያሉ መርፌዎች ይሰጡ ነበር። በ2015 በታተመው የ612 ሕሙማን ውጤት ከ100 ሰዎች ወደ 79 የሚሆኑት ድነዋል ወይም ሕክምናቸውን ጨርሰዋል። ብዙዎቹ ከዚያ በፊት በተራ የቲቢ መድኃኒት ታክመው ያልዳኑ፣ በጣም የከሱ ሰዎች ነበሩ። ይህ ትልቅ ድል ነው።

መርፌው ግን ዋጋ ያስከፍል ነበር። ሕመምተኛው «ጆሮዬ ጮኸ» ሲል ሐኪሙ ፊት ለፊት የሚቆመው ጥያቄ ይህ ነው፦ መርፌውን ብንቀጥል ጆሮው፣ ብናቆም ሕይወቱ። ቶሎ ከተናገረና የመስማት ምርመራ (ኦዲዮሜትሪ) ከተደረገለት መሃል መንገድ ይኖራል፤ መጠኑን መቀነስ፣ ማራራቅ ወይም መድኃኒቱን መቀየር። ዘግይቶ ሲናገር ግን የጠፋውን መስማት የሚመልስ መድኃኒት የለም።

የዓለም ሐኪሞች በመጨረሻ ያለ መርፌ ማከምን መረጡ። ኢትዮጵያ የተሳተፈችበት ስትሪም የተባለው ዓለም አቀፍ ጥናት፣ በሚዋጥ መድኃኒት ብቻ የታከሙት የተሻለ ውጤት እንዳገኙና ከባድ የመስማት ጉዳት በእነሱ ላይ እንዳነሰ በ2022 አሳየ። ከዚያ አስቀድሞ በ2018 የዓለም ጤና ድርጅት ካናማይሲንና ካፕሪዮማይሲን ለዚህ ሕክምና እንዳይመከሩ አድርጎ ነበር። ዛሬ መድኃኒት የተላመደ ቲቢ በክኒን ብቻ፣ ለብዙዎቹም በ6 ወር፣ መታከም ይችላል። ለዚህ ለውጥ መነሻ ከሆኑት ነገሮች አንዱ የሕሙማኑ «ጆሮዬ ይጮሃል» የሚል ቃል ነው።

ቲቢ ሳይኖርብኝ ለምን ይብስብኛል?

ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ትምህርቱ ግን አንድ ነው። ጩኸቱ ሲቀየር ወይም ሲብስ ምርመራ ያስፈልገዋል።

1. ከፍተኛ ድምፅ። እንደ ሾላ ባለ ገበያ አካባቢ በርበሬና ሽሮ የሚፈጩ፣ ብረት የሚቆርጡና የሚበይዱ፣ ቀኑን ሙሉ ድምፅ ማጉያ አጠገብ የሚውሉ ሰዎች ፀጉር መሰል ሴሎቻቸው በየቀኑ ይጎዳሉ። መለኪያው ቀላል ነው፤ አንድ ክንድ ርቆ ካለ ሰው ጋር ለመነጋገር መጮህ ካስፈለገ ቦታው ለጆሮ አይሆንም። በኤርፎን ጮክ አድርጎ መስማትም ያው ነው።

2. የጆሮ ኩክ ወይም መግል። ይህ ሊታከም የሚችል ነው። ክብሪት፣ ጥጥ የተጠቀለለበት እንጨት ወይም ትኩስ ዘይት ግን አትጨምሩ።

3. ዕድሜ፣ የደም ግፊት፣ የደም ማነስ፣ የመንጋጋ ችግር።

4. መድኃኒት። ከላይ ያየናቸው መርፌዎች፣ ብዙ አስፕሪን፣ አንዳንድ የካንሰር መድኃኒቶች። የኩላሊት ችግር ያለበት ሰው ይበልጥ ይጠንቀቅ።

5. እንቅልፍ ማጣትና ጭንቀት። ጆሮው አዲስ ጉዳት ሳይደርስበትም ጩኸቱ ጎልቶ ይሰማል።

ቀጠሮ ሳይጠብቁ የሚሄዱባቸው ምልክቶች፦ መስማት በድንገት ሲጠፋ (በቀናት ውስጥ ከታከመ የመመለስ ዕድል አለው)፣ ጩኸቱ ከልብ ምት ጋር አብሮ ሲመታ፣ በአንድ ጆሮ ብቻ ሆኖ ሲብስ፣ ኃይለኛ ማዞር ወይም የፊት መጣመም ሲኖር፣ ጭንቅላት ከተመታ በኋላ ሲጀምር፣ ወይም ጩኸቱ መኖርን እስከ መጥላት ሲያደርስ። ከጤና ጣቢያ ጀምራችሁ ወደ አንገት በላይ ሐኪም መላክን ጠይቁ።

ካልጠፋስ እንዴት ይኖራል?

እዚህም ታሪክ ይረዳናል። ከአርስቶትል ጽሑፎች ጋር በተያያዘው «ችግሮች» በተባለ ጥንታዊ መጽሐፍ ውስጥ፣ ውጭ ድምፅ ሲኖር የጆሮ ጩኸት ለምን እንደሚጠፋ ተጠይቆ ትልቁ ድምፅ ትንሹን ስለሚያባርር ይሆናል የሚል መልስ ተሰጥቶበታል። በ1821 ፈረንሳዊው ሐኪም ኢታር ሕሙማኑ ከሚነድ እሳት ወይም ከሚንጠባጠብ ውሃ ድምፅ አጠገብ እንዲሆኑ ይመክር ነበር።

በ1953 ደግሞ ሄለር እና በርግማን የተባሉ ተመራማሪዎች ጤናማ ጆሮ ያላቸውን 80 ሰዎች ድምፅ በማይገባበት ክፍል አስገቧቸው። ከ100 እጅ 94ቱ የሆነ ድምፅ ጆሯቸው ውስጥ እንደሰሙ ተናገሩ። ፍጹም ጸጥታ ለማንም ሰው የጆሮ ድምፅን ያጎላል ማለት ነው። በ1990 ያስትሬቦፍ የተባለ ተመራማሪ፣ ጩኸቱን የሚያከብደው አእምሮ እንደ አደጋ ሲቆጥረው መሆኑን አስረዳ። በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ዝናብ ሲዘንብ የለመደ ሰው ይተኛል፤ እንግዳው ግን ሌሊቱን ይነቃል። ዝናቡ አንድ ነው፣ ልዩነቱ መልመድ ነው።

ስለዚህ፦

• ሌሊት ፍጹም ጸጥታ አትፍጠሩ። ራዲዮ በዝግታ፣ የውሃ ወይም የዝናብ ድምፅ ከስልክ ክፈቱ። ድምፁ ከጩኸቱ ትንሽ ዝቅ ይበል።

• ቀኑን ሙሉ ጆሯችሁን በጥጥ አትድፈኑ። መከላከያ የሚደረገው ኃይለኛ ድምፅ ባለበት ብቻ ነው።

• መስማት ከቀነሰ የመስሚያ መሣሪያ ጠይቁ። ብዙ ጊዜ ጩኸቱንም ያቀልላል።

• አእምሮ ለጩኸቱ የሚሰጠውን ትርጉም የሚቀይር የንግግር ሕክምና አለ፤ ጭንቀቱን በመቀነስ ከሁሉ የተሻለ ማስረጃ ያለው ይህ ነው።

• ቡና የግድ መተው የለባችሁም። እንቅልፍ የሚነሳችሁ ከሆነ ግን ከሰዓት በኋላ ቀንሱ።

• «ያጠፋዋል» ተብሎ የሚሸጥ ጠብታና ቅጠል ላይ ገንዘባችሁን አታጥፉ። ጩኸቱን በእርግጠኝነት የሚያጠፋ መድኃኒት እስካሁን የለም።

ለወላጆች

ሕፃን «ጆሮዬ ይጮሃል» ብሎ ላይናገር ይችላል፤ ሁልጊዜ የነበረ ሊመስለው ይችላል። ጆሮውን ከያዘ፣ ቴሌቪዥን ጮክ ካደረገ፣ በክፍል ውስጥ ትኩረት ካጣ ጠይቁት፤ የመስማት ምርመራ አስደርጉለት። በጨቅላነቱ ለከባድ ኢንፌክሽን ጄንታማይሲን የወሰደ ልጅ ካላችሁ መርፌው ሕይወት ያተረፈ ነውና አትጸጸቱ፤ መስማቱን ግን አስመርምሩ። በእናት ወገን በመርፌ የደነቆረ ዘመድ ካለ ለሐኪም ንገሩ፤ በእናት በኩል የሚወረስ ተጋላጭነት አለ። ነፍሰ ጡር እናት መርፌ ስትታዘዝ እርግዝናዋን ትናገር፤ ስትሬፕቶማይሲን የጽንሱን ጆሮ ሊጎዳ ይችላል።

በመጨረሻም፣ መድኃኒት ላይ እያላችሁ ጆሯችሁ ቢጮህ መድኃኒቱን ራሳችሁ አታቋርጡ፤ በተለይ የቲቢ መድኃኒት። በዚያው ቀን ለሐኪማችሁ ንገሩ። ቤታችሁ ውስጥ «ጆሮዬ ይጮሃል» የሚል ሰው ካለም «ያልፋል» ከማለታችሁ በፊት ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ፣ በየትኛው ጆሮ እንደሆነና እየባሰ እንደሆነ ጠይቁት። መልሱን ይዛችሁ አብራችሁት ሂዱ።

ይህ ጽሑፍ ለጠቅላላ ግንዛቤ ነው፤ ምርመራን አይተካም። ለሚጠቅመው ሰው አጋሩት።