ቀሚስ፣ ነጠላና ማዕረግ

በኢትዮጵያ ደጋማ አገር የሴት ልብስ ታሪክ ከጥጥ ይጀምራል። ጥጡን መዳመጥ፣ በደጋን መንደፍና በእንዝርት መፍተል የሴት ሥራ፣ መሸመን ደግሞ የወንድ ሥራ ነበር። ክብራቸው ግን እኩል አልነበረም። ፈትል ከባላገር ጎጆ እስከ መኳንንት እልፍኝ የሴት ወግ በመሆኑ «ቀጭን ፈታይ» መባል ለወይዘሮ ምስጋና ነው። ሸማኔ ግን እንደ ቀጥቃጭና እንደ ሸክላ ሠሪ ይናቅ ስለነበር፣ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ በአዋጅ ከለከሉ።

የለባሿ ደረጃ በፈትሉ ቅጥነትና በጥልፉ ይታወቅ ነበር። የገበሬ ሚስት ውኃ የምትቀዳው፣ እንጨት የምትለቅመው ወፍራም ቀሚሷን በመቀነት ታጥቃ ነው። መቀነቱ ወገቧን ያጠብቃል፤ በጫፉም ገንዘብ ትቋጥርበታለች። የመኳንንት ሚስት ደግሞ በሐር የተጠለፈ ቀሚስ ለብሳ፣ ካባ ደርባ፣ ፊቷን እስከ ዐይኗ ተሸፋፍና በበቅሎ ትሄድ ነበር። አለባበሷ የደጅ ሥራ እንደማይነካት ለሩቅ ተመልካች ይነግራል።

ዕድሜና ጋብቻ የሚለዩት በጠጉር ነበር። ሳዱላ፣ ማለትም ያላገባች ልጃገረድ፣ አናቷን ተላጭታ ዙሪያውን ታስቀራለች፤ ስታገባ አሳድጋ ሹሩባ ትሠራለች። ሐዘን ሲደርስባት ትቆርጠዋለች።

ነጠላ ሁኔታን ይናገራል። ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ በሁለቱ ትከሻ ላይ መስቀለኛ ታጣፋዋለች፤ ለቅሶ ስትሄድ ጥለቱን ወደ ላይ ታደርገዋለች፤ ለሥራ ስትነሣ ወገቧ ላይ ታሸርጠዋለች። ስላለችበት ሁኔታ ሊጠየቅ የሚገባውን ሁሉ ነጠላዋ አስቀድሞ ይመልሳል።

በሃያኛው ክፍለ ዘመን የስፌት መኪና፣ የውጭ አገር ጨርቅና የተማሪ ዩኒፎርም በከተማ ሲስፋፉ ይህ ሥርዓት ላላ። የተማረችው ወጣት ጉርድ ቀሚስና አጭር ልብስ ለበሰች፤ ክርክሩም በዚያው ተነሣ። በመጋቢት 1960 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የተዘጋጀውን የፋሽን ትርዒት ተማሪዎች ባህልን የሚያጠፋ የውጭ ተጽዕኖ ነው ብለው ተቃወሙት፤ ረብሻው ዩኒቨርሲቲውን አስዘጋ። ቀድሞ ማዕረግና ጋብቻ ይወስኑት የነበረው የሴት ልብስ፣ በዚያ ቀን የአገር ማንነት መከራከሪያ ሆነ።

ዛሬ የሐበሻ ቀሚስ በአብዛኛው የበዓልና የሠርግ ልብስ ነው። በአዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ገበያ እያንዳንዷ እንደ አቅሟ ትገዛዋለች፤ ቅጥነቱና ጥልፉ ግን ዛሬም የገዢዋን አቅም ይናገራሉ።