ዲዲቲና የወሎ ንዳድ፤ የአንድ የክሎሪን ውሑድ ታሪክ

ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ በ2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ ኮምቦልቻ በ1,850 ሜትር አካባቢ ትገኛለች። ይህ የከፍታ ልዩነት ለመንገደኛው ካፖርት የማውለቅ ጉዳይ ነው፤ ለወባ ትንኝ ግን የመራባትና ያለመራባት ጉዳይ ነው። የደጋው ሰው ቆላ ወርዶ ማደርን ይፈራ የነበረው ንዳዱን ስለሚያውቅ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ንዳድን ለመከላከል በሀገራችን ለብዙ ዘመን የተሠራበትን የዲዲቲን ታሪክ ከኬሚስትሪው ጋር አያይዞ መመርመር ነው። ብዙ ሰዎች ይህን ታሪክ በሁለት ከፍለው፣ መጀመሪያ እንደ መድኃኒት ኋላም እንደ መርዝ ይተርኩታል። እኛ ግን ጥቅሙም ጉዳቱም ከአንድ ምንጭ፣ ማለት ክሎሪን ከአሮማቲክ ቀለበት ጋር ካለው ጽኑ ትስስር የመጡ መሆናቸውን ለማሳየት እንሞክራለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ስለ አሠራሩ እንናገር። ቤንዞል ስንል ለመኪና የሚቀዳውን ቤንዚን ማለታችን አይደለም፤ ስድስት የካርቦን አቶሞች በቀለበት የተያያዙበት፣ በእያንዳንዳቸውም ላይ አንድ ሃይድሮጅን ያለበት ውሑድ ነው። የብረት ውሑድ እያገዘው ክሎሪን ሲደርስበት አንዱ ሃይድሮጅን ይወጣና ክሎሪን በቦታው ይተካል፤ ይህም ክሎሮቤንዞል ይባላል። ሁለት ሞለኪዩል ክሎሮቤንዞል ከአንድ ሞለኪዩል ክሎራል ጋር በጠንካራ ሰልፈሪክ አሲድ ውስጥ ሲዋሐዱ አንድ ሞለኪዩል ውሃ ይወጣና ዲዲቲ ይገኛል። በቀለበቱ ላይ ያለው ክሎሪን አዲሱን መጤ ወደ አጠገቡ ወይም ወደ ፊት ለፊቱ ይመራዋል። አጠገቡ ጠባብ ስለሆነ አብዛኛው በፊት ለፊቱ ይያያዛል።

ይህን ውሑድ መጀመሪያ የሠራው ኦትማር ሳይድለር የተባለ ተማሪ ሲሆን፣ ሥራውን በ1874 አሳተመ። ሆኖም ነፍሳትን መግደሉን አላወቀም። ይህን ያወቀው በ1939 በባዝል ከተማ በጋይጊ ኩባንያ ይሠራ የነበረው ስዊሳዊው ፓውል ሙለር ነው፤ ስለዚህም ሥራው በ1948 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው።

ዲዲቲ አምስት ክሎሪኖች አሉት። ሦስቱ በመካከለኛው ክፍል በአንድ ካርቦን ላይ፣ ሁለቱ ደግሞ በሁለቱ ቀለበቶች ላይ ናቸው። በቀለበት ላይ ያለ ክሎሪን ከኤሌክትሮኖቹ ከፊሉን ለቀለበቱ ስለሚያጋራ ትስስሩ ይጠነክራል። ለምሳሌ ክሎሮቤንዞልን በኮስቲክ ሶዳ ወደ ፌኖል ለመለወጥ ከ300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሙቀትና ከፍተኛ ግፊት ያስፈልጋል። በጭቃ ግድግዳ ላይ እንዲህ ያለ ሙቀት የለም። ከዚህም በላይ ዲዲቲ በውሃ ውስጥ እጅግ ጥቂት ብቻ ስለሚሟሟ፣ በአንድ ካሬ ሜትር 2 ግራም ቢረጭ ስድስት ወር ያህል ሊሠራ ይችላል። በዓመት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ብቻ ሊደረስባቸው ለሚችሉ መንደሮች ይህ ትልቅ ነገር ነበር።

የዓለም ጤና ጉባኤ ወባን ከዓለም ለማጥፋት የወሰነው በ1955 ነው። በሀገራችንም በዚያው አሥርተ ዓመት የሙከራ ሥራ ከተጀመረባቸው ቦታዎች አንዱ ከደሴ በስተ ሰሜን ያለው የቆቦ ጨርጨር ምድር ነበር። ነገር ግን ሥራው ገና ሳይስፋፋ በ1958 ታላቅ ወረርሽኝ ተነሣ፤ 3 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ታመው 150,000 ያህል እንደ ሞቱ ተገምቷል። ወረርሽኙ የበረታው ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ባለው ከፍታ ነበር። የኮምቦልቻ ከፍታ በዚህ ክልል ውስጥ ሲወድቅ የደሴ ግን ከእርሱ በላይ ነው። በሚቀጥለው ዓመት በ1959 የወባ ማጥፊያ ድርጅት ተቋቋመ።

ይሁን እንጂ የግድግዳው ጽናት በሰውነት ውስጥም ጽናት ሆነ። ዲዲቲ ከመካከለኛው ክፍሉ አንድ ሃይድሮጅንና አንድ ክሎሪን በቀላሉ ስለሚለቅ ዲዲኢ ወደሚባለው ውሑድ ይለወጣል፤ በቀለበቶቹ ላይ ያሉት ሁለቱ ክሎሪኖች ግን አይነኩም። ይህ ዲዲኢ ነፍሳትን እምብዛም አይገድልም፤ በስብ ውስጥ ግን እየተጠራቀመ ለብዙ ዓመታት ይኖራል። ከዝዋይና ከሐዋሳ ሐይቆች በተያዙ ዓሦች ላይም በምርምር ተገኝቷል። ነፍሳትም ይህንኑ ለውጥ ለመከላከያቸው አደረጉት፤ ዲዲቲን በኤንዛይም ወደ ዲዲኢ እየለወጡ የሚተርፉ ነገዶች ተገኙ። ሌሎች ደግሞ መርዙ የሚያርፍበትን የነርቭ ክፍል ለውጠው ተቋቋሙት።

ስለ ጉዳቱ ሬቸል ካርሰን በ1962 ባሳተመችው መጽሐፍ ዓለምን አስጠነቀቀች። የዓለም ጤና ድርጅትም በ1969 ወባን በአንድ ዘመቻ የማጥፋቱን አሳብ ለወጠ። በ2001 የተፈረመው የስቶክሆልም ስምምነት ዲዲቲን በሽታ አስተላላፊ ነፍሳትን ለመከላከል ብቻ ፈቀደው። በሀገራችን ትንኞቹ እየተቋቋሙት ስለ ሄዱ በ2000ዎቹ መጨረሻ ገደማ በቤት ውስጥ ርጭት ሌሎች ኬሚካሎች ተተኩበት።

ከዚህ ታሪክ ምን እንማራለን? 150,000 ሰው ባለቀበት ዘመን ዲዲቲን የረጩትን ሰዎች መውቀስ ፍርድ ማጓደል ይሆናል። በግድግዳ የሚቆይ ነገር በስብም ሊቆይ እንደሚችል ግን ቀለበቱን የሚያውቅ ኬሚስት አስቀድሞ ሊጠረጥር ይገባው ነበር። ዛሬ በቤተ ሙከራችን አንድ ውሑድ ስንሠራ ምርቱ ስንት በመቶ እንደሆነ እንመዘግባለን። ሥራውን ከጨረሰ በኋላ በምን ኃይል፣ ወደ ምን፣ በስንት ጊዜ እንደሚፈርስ የሚጠይቅ አንድ መስመር በዚያው ደብተር ላይ ቢጨመር መልካም ነው እንላለን። በኮምቦልቻም ሆነ በቆቦ ያለው ገበሬ ቤቱን ለመርጨት ሲከፍትልን ይህን ጥያቄ አስቀድመን መልሰን መገኘት አለብን።